የአባቴ እጅ የሞቀ ዕለት

ከጎንደር የወጣሁት ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ አልደረስሁም።

ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር የተነሣነው። አባቴ ሊሸኘኝ ከዳባት ወርዶ፣ አራዳ አክስቴ ቤት አብሮኝ አድሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ታክሲው ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። የምሄደው ጀርመን ነው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ሥራ አግኝቼ። ቁልቁለቱ ላይ አንድ አይሱዙ ድንገት ሲገባብን ሾፌራችን ጠመዘዘና ማኪናው በጎኑ ወደቀ። አባቴ ለመደገፍ የዘረጋው ቀኝ ክንዱ መስተዋቱን ጥሶ ወጣ።

ደም አይቼ አውቃለሁ፤ የገበሬ ልጅ ነኝ። ይህ ግን መፍሰስ አልነበረም። ከክርኑ ከፍ ብሎ ከተቀደደው ሥጋ፣ ደማቅ ቀይ ሆኖ፣ በልቡ ምት ልክ ይፈነጥቃል። ነጠላዬን ጠቅልዬ ቁስሉ ላይ ደፋሁና በሁለት እጄ ተጫንሁት። ሾፌሩ «አይዞዎት አያ! አይዞዎት!» እያለ ባጃጅ አስቆመልን።

አባቴ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «አይሮፕላኑ ያመልጥሻል፤ ምነው አትሄጅም?» ይለኛል።

«ዝም በል እስቲ አባዬ!»

ሆስፒታል ስንደርስ በቃ ነርሷ ትረከበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን «እጅሽን እንዳታነሺ! እንደተጫንሽ ነይ» አለችኝ። ከሚገፋው አልጋ ጎን ጎን እየሮጥሁ ገባሁ።

ቀዶ ሐኪሙ ወጣት ነው። የአባቴን የእጅ አንጓ ይዞ ትርታ ፈለገ። የለም። እጁ ነጭ ሆኖ እንደ ውርጭ ቀዝቅዟል።

«ደም ወደ እጃቸው የሚወስደው ዋናው የደም ሥር ተበጥሷል» አለኝ። «የተበላሸውን ጫፍ እናወጣና ከእግራቸው የደም ሥር ወስደን እንቀጥለዋለን። ግን መቸኮል አለብን፤ ደም ያጣ ሥጋ ብዙ አይቆይም።»

አባቴ ሰማው። «ቆርጣችሁ ልትጥሉት ከሆነ ተዉኝ። በአንድ እጅ እርፍና ጅራፍ አይያዝም።»

«እንዳይቆረጥ ነው እኮ የምንሮጠው፣ አያ።»

አክስቴ ደርሳ ኮሪደሩ ላይ አብረን ተቀመጥን። የእግር ሥር በክንድ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ከቆይታ በኋላ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ሰማን። የኔው መሆኑን ሁለታችንም አወቅን።

ሐኪሙ ሲወጣ በላብ ተዘፍቋል። «ነይ» አለኝ። አባቴ አልነቃም። ያበጠው ጡንቻ እንዳይታፈን ብለው የታችኛውን ክንዱን ሰንጥቀው፣ በኋላ ሊሰፉት፣ ክፍቱን በፋሻ ሸፍነውታል። ሐኪሙ ጣቶቼን ይዞ አንጓው ላይ አኖረልኝ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ትር... ትር...። ጥፍሮቹ ቀልተዋል፤ መዳፉ ሞቋል። «ከጸጉር በሚቀጥን ክር ነው የሰፋነው» አለ ሐኪሙ፣ እሱም ራሱ እንደተገረመ ሁሉ። ደረቅ አጥንት ሥጋ ሲለብስ በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ሰምቼ ነበር። በሰው እጅ ሲሆን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። እንባዬ ፋሻው ላይ እንዳይንጠባጠብ ዞር አልሁ።

ከሆስፒታል ወጥቶ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ለሁለተኛ ጊዜ ሸኘኝ።

እዚህ ጀርመን ስደርስ የውጭ ዜጎች ቢሮ ያለችው ሴትዮ ጠየቀችኝ፤ «ቴርሚን» የሚሉት ቀጠሮ አምልጦኝ ነበር።

«ለምን በቀኑ አልመጣሽም?»

«የአባቴ ክንድ ተቀድዶ፣ ደሙን ይዤ።»

«ሐኪም አልነበረም?»

«ነበር። ቁስሉ ላይ የነበረው እጅ ግን የኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝና ማኅተሙን መታችልኝ።

አከራዬ ደግሞ ማሞቂያ በከፈትሁ ቁጥር ታንኳኳለች። «ከሞቃት አገር መጥተሽ ምነው እንዲህ በረደሽ?» ትላለች። ዳባትን በክረምት ባሳየኋት! እኛ ዘንድ ሲበርድ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል፤ እዚህ ሁሉም በሩን ዘግቶ ከማሞቂያው ጋር ነው። ዳቦውማ ጥርስ ይፈትናል። ሽሮ ስሠራ መስኮት አስከፍታኛለች።

ሥራው ሸጋ ነው። አረጋውያኑን ሳጥብ ሳላስበው አንጓቸውን እዳስሳለሁ። በዚያች ቀጭን የደም መንገድ ሰው ሁሉ ተንጠልጥሎ መኖሩ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ባለፈው ወደ ሥራ ስሄድ፣ ፌርማታ ላይ ሆኜ ለአባቴ ደወልሁለት። እርሻ ላይ ነው።

«እጅህስ አባዬ?»

«ትንሿ ጣት ትደነዝዛለች እንጂ ሸጋ ነው። መቼ ትመጫለሽ?»

«እንጃ አባዬ።»

«በይ፣ በሬዎቹ ቆመውብኛል» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው። በሬዎቹን ሲቆጣ፣ ጅራፉ ሲጮህ፣ አፈሩ ከማረሻው ሥር ሲገለበጥ ይሰማኛል። አውቶቡሴ መጥቶ በሩን ከፈተ። ሾፌሩ ጠበቀኝ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝሁ ራሴን ነቅንቄ አሳለፍሁት።