የአሥራ አራት ሜትሩ መንገድ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ዝርዝሩ ብቻ ነበር። ለቀረው ሁሉ ኤክስ ነው። ንድፍ ሠሪ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ወንበር፣ አንድ ማስመሪያ፣ አንድ የሥራ ደረጃ። ያላወቀው ነገር በገጠመው ቁጥር "ኤክስ ይሁን እስቲ" ብሎ ስለሚጀምር ነው ስሙ የወጣለት። ሚስቱ እንኳ የቤት ቁልፍ ሲጠፋባት፣ "በላ ኤክስ ይሁንና ፈልገው!" እያለች ትቀልድበታለች።

በዚያ ሰሞን የንድፍ ክፍል ኃላፊነት ቦታ ክፍት ነበር። ተራው የእሱ ነው። አምናም የእሱ ነበር፤ ለሌላ ሰው ተሰጠ እንጂ። ዘንድሮ ግን ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ "የግቢውን ነገር አሳምረህ ጨርስ፣ ከዚያ እንነጋገራለን" ስላለው፣ ሚስቱ ለሹመቱ ቀን የሚለብሰውን ኮት ቀድማ ላውንደሪ ሰጥታለታለች።

ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ መስኮት ሥር ርዝመቱ ሃያ፣ ወርዱ አሥር ሜትር የሆነ ባዶ መሬት አለ። በውስጥ በኩል ዙሪያውን እኩል ስፋት ያለው የእግር መንገድ እንዲነጠፍ፣ መሀሉ ላይ አንድ መቶ አርባ አራት ካሬ ሜትር ሣር እንዲቀር ታዘዘ። መንገዱ ስንት ይስፋ? "ኤክስ ይሁን እስቲ።" ሲያባዛ፣ ሲያቀናንስ ነገሩ ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ፤ ሲባዙ አሥራ አራት፣ ሲደመሩ አሥራ አምስት የሚሆኑት ሁለት ቁጥሮች እነማን ናቸው? አንድ እና አሥራ አራት። የሒሳቡ ሥሮች፣ ማለትም ሁለቱ መልሶች፣ ተገኙ።

አንዱ ልክ ነው። አሥራ አራቱ ግን ለወረቀት እንጂ ለመሬት አይሆንም፤ ወርዱ አሥር ሜትር በሆነ ቦታ ላይ አሥራ አራት ሜትር መንገድ ከየት ይመጣል? ትምህርት ቤት ቢሆን በአንድ ጭረት ይሰረዝ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ቅጽ ግን "አማራጭ አንድ" እና "አማራጭ ሁለት" የሚሉ ሳጥኖች አሉት፤ አንዱ ባዶ ከሆነ ይመለሳል። ኤክስ ሁለቱንም ሞላና ከሁለተኛው ጎን በትንንሽ ፊደል "ይህኛው አይሠራም" ብሎ ጻፈ። ጸሐፊዋ ስትተይበው ለማስታወሻ የሚሆን ቦታ ስላላገኘች ተወችው።

ኮሚቴው ግማሽ ቀን ተሰበሰበ።

"አሥራ አራት እያለ ለምን አንድ?" አለ ሥራ አስኪያጁ። "እንግዳ ሲመጣ እንደ ጉንዳን ተሰልፈን እንቀበለው?"

"አሥራ አራት ግርማ አለው" አለ የንብረት ክፍል ኃላፊው።

"ጌታዬ፣ አሥራ አራቱ መሬቱን አልፎ ይሄዳል" አለ ኤክስ፣ ድምፁ እንደ ትንኝ ቀጥኖ።

"ሒሳቡን አንተ አይደለህም የሠራኸው?"

"እኔ ነኝ።"

"ተሳስተሃል?"

"አልተሳሳትኩም፣ ግን..."

"ታዲያ የገዛ መልስህ ምን አስፈራህ? ለኃላፊነት የታጨ ሰው እንዲህ ጠባብ ሲሆን ደስ አይልም።"

ኤክስ ኮቱ ትዝ አለው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ፈረመ።

በማግስቱ ጠዋት ሜትር፣ ጠመኔና ችካል ይዞ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ ጀመረ። አሥር ሜትር ላይ ግቢው አልቆ የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ግድግዳ መጣ።

"አለቀ እኮ ጋሼ" አለ የሜትሩን ጫፍ የያዘለት ዘበኛ።

"ትእዛዙ አላለቀም።"

በተከፈተው መስኮት ይቅርታ ጠይቆ ገባ። አሥራ አንድ ምንጣፉ ላይ ዋለ፤ አሥራ ሁለት የእንግዳ ወንበሩ ሥር፤ አሥራ ሦስት ጠረጴዛው ሥር። ለአሥራ አራት ተንበረከከና በሥራ አስኪያጁ ሁለት ጫማዎች መሀል በጠመኔ አሰመረ።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"መንገዱ እዚህ ድረስ ነው ጌታዬ። ችካሉን አሁን ልምታው?"

ሥራ አስኪያጁ እግሮቹን ቀስ አድርጎ ሰበሰበ።

ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ "ከእንግዲህ ከአንድ በላይ መልስ ያለው ሒሳብ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንዳይገባ።" መንገዱ በአንድ ሜትር እንዲነጠፍ ተወሰነ። የንድፍ ክፍል ኃላፊነት ደግሞ "ግርማ አለው" ላለው የንብረት ክፍል ኃላፊ በተደራቢነት ተሰጠ።

ሚስቱ ኮቱን ከነላስቲኩ ይዛ በር ላይ ጠበቀችው። "እህስ? መልሱ ምን ሆነ?"

"አንዳንዴ" አለ ኤክስ ጫማውን እየፈታ፣ "ሁለቱም ሥር አንድ ዓይነት ይወጣል። የአምናውም፣ የዘንድሮውም።"

"በሰው ቋንቋ ንገረኝ!"

"ቀረ።"

ከዚያ ከቅጹ ጀምሮ ሁሉንም ነገራት። ኮቱን ልትሰቅል ዘወር ያለችው ሚስቱ መሀል ላይ ቆመች።

"ቆይ፣ የሰውዬው ጫማ መሀል በጠመኔ አሰመርክ?"

"ልክ አሥራ አራት ላይ።"

ሳቋ እስኪያስነባት ሳቀች። ላስቲኩን ቀድዳ ኮቱን ዘረጋችለት።

"ልበሰው በል። ወጣ እንበል።"