ሽማግሌ የመለሰው ንጉሥ

እትዬ ብዙነሽ ጠብ አይተው ማለፍ አይችሉም ነበር። ገበያ ሲወርዱ ሁለት ሰው ሲጨቃጨቅ ካዩ ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው መሀል ይገባሉ። «ሽምግልና የወንድ ነው» የሚሉ የወረዳችን የቀወት አዛውንቶች መጀመሪያ ሳቁባቸው፤ በኋላ ግን ከሚስቶቻቸው የተጣሉበትን ጉዳይ ይዘው በጓሮ በር ይመጡ ጀመር። እኔም መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል አስተናጋጅ ሳለሁ ከባለቤቱ ጋር በተጣላሁ ቁጥር ያስታረቁኝ እሳቸው ናቸው። አንዴ «ሮማን፣ ይቅርታ ጠይቂው» ብለውኝ ጠየቅሁት። ጥፋቱ የሱ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የሰውን ቤት ሲያቃኑ የራሳቸው ቤት ግን ጭር ብሏል። አንድ ልጃቸው ፀጋዬ ሚሊሺያ ሆኖ ወደ ሰሜን ዘምቷል። ወታደር የጫነ መኪና ወደ ደሴ ባለፈ ቁጥር መንገድ ዳር ቆመው ያያሉ። ስለ ልጃቸው ብዙ አያወሩም፤ የሚሉት አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ጠብ እንዴት አስታራቂ አጣ?» ይህን ሲሉ እኛ ወሬ እንቀይራለን። ጊዜው ደርግ ነዋ።

በዚህ መሀል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። በከተማችን በሮቢት ሐሩር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ፊደል መቁጠር ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም፤ ስለዚህ እንመጣለን፤ መጥተን እናንቀላፋለን። መምህራችን ካሳሁን በንጉሡ ጊዜ የዓለም ታሪክ ያስተምር ነበር። ከደሴ አልፎ አያውቅም፤ ስለ አሜሪካ ሲያወራ ግን አገሩ ከአጣዬ ማዶ ያለ፣ ሰዎቹም የአክስቱ ልጆች ይመስሉ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ አሜሪካ ኢምፔሪያሊስት ተባለች፤ ስሟን በደግ ያነሳ ወዮለት! ካሳሁን ግን እኛን የሚያነቃበት ሌላ ነገር አልነበረውም። ፊደሉን ካስቆጠረን በኋላ ከዚያችው አገር ታሪክ እየቆረሰ ይሰጠን ጀመር። የአገሩን ስም አይጠራም። አሥራ ሦስቱን ግዛቶች «አሥራ ሦስት ወንድማማቾች»፣ የእንግሊዙን ንጉሥ ደግሞ «ከባሕር ማዶ ያለ አሳዳጊያቸው» ይላቸዋል። አሜሪካ መሆኗን ሁላችንም ደርሰንበታል፤ አፋችንን ግን ዘጋን።

«ንጉሡ ሳያማክራቸው ግብር ጣለባቸው» አለ አንድ ቀን።

«ንጉሥ ደሞ መቼ አማክሮ ያውቃል?» አለች ሽንኩርት ነጋዴዋ ጠይባ።

«እነሱም ተናደው በመርከብ የመጣውን ሻይ ባሕር ውስጥ ደፉት።»

«ወላሂ፣ ስኳር ጠፍቶ ነው የሚሆን!» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እትዬ ብዙነሽ ብቻ አልሳቁም። ሽማግሌ ሳይልኩ ንብረት ማጥፋት ነውር ነው ብለው አሥራ ሦስቱን ወንድማማቾች ገሠጹ።

ካሳሁን ታሪኩን ቀጥሎ ተኩሱ ጋ ደረሰ። አንድ ማለዳ የንጉሡ ወታደሮችና ገበሬዎቹ ተፋጠጡ፤ ጥይት ተተኮሰ፤ ማን ቀድሞ እንደተኮሰ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እትዬ ብዙነሽ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ቆይ እንጂ! ሽማግሌስ?»

«ልከዋል እትዬ» አለ ካሳሁን። «ደም ከፈሰሰ በኋላም ቢሆን፣ ‹አባታችን ሆይ፣ ታረቀን› ብለው ደብዳቤ ጽፈው በመልእክተኛ ላኩ።»

«ተመስገን!» አሉና እልል አሉ። ካሳሁንም እንደ ልማዱ ጣፋጩ ቦታ ላይ አቆመና «ቀሪው ነገ» አለን።

በማግስቱ ካሳሁን ዘገየ። እኛ ደግሞ መጠበቅ አቃተን። እትዬ ብዙነሽ «ምን ያስጠብቀናል? እርቁን እኛው እንጨርሰው» አሉ። ጠይባ ጥላ ስለያዘች ንጉሥ ተደርጋ የመምህሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ አሥራ ሦስቱንም ወንድማማቾች ወክዬ፣ እንደ በዳይ ወግ ድንጋይ በማጅራቴ ተሸክሜ አጎነበስሁ። እትዬ ብዙነሽ ሽማግሌ ሆነው ፊቷ ቆሙ።

«ስለ ፈጣሪ ብለህ ማርልን፤ ልጆችህ ናቸው» አሏት።

«የሻዬን ሳትከፍሉኝ አልሰማም!» አለች ጠይባ ጥላዋን ዘርግታ።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና የወረዳው ካድሬ ጓድ ሞገስ ገባ፤ ካሳሁን ከኋላው ነበር። ለካ የዘገየው ለቁጥጥር የመጣውን ሰው ሊቀበል ሄዶ ነው። የካሳሁን ፊት አመድ መሰለ። እኔም ድንጋዩን የማወርድበት ጨነቀኝ።

«ይሄ ምንድን ነው? የየት አገር ንጉሥ ነው?» አለ ጓድ ሞገስ።

ካሳሁን ሰሌዳው ላይ ወዳለው ፊደል ጣቱን ቀሰረ።

«ተው ልጄ» አሉ እትዬ ብዙነሽ፤ «እርቅ ላይ የደረሰ ሰው ወይ ያልፋል ወይ ይቀመጣል። ቆሞ አይጠይቅም።»

ጓድ ሞገስ ምንም ካድሬ ቢሆን የቀወት ልጅ ነው። ሳያውቀው ቁጭ አለ። ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ ጉዳዩ ሳበው፤ ግብሩን ጠየቀ፣ ሻዩን ጠየቀ፣ የሻዩ ጊዜ እንደ ማንም ሳቀ። በመጨረሻ ወደ ካሳሁን ዞሮ «ታዲያ ንጉሡ ምን አለ?» አለው።

ካሳሁን ከጓድ ሞገስ ይልቅ እትዬ ብዙነሽን ፈርቶ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ደብዳቤውን አልተቀበለም። መልእክተኞቹንም አላነጋግርም ብሎ መለሳቸው።»

«አስታግፊሩላህ!» አለች ጠይባ። ጥላዋን አጥፋ ከወንበሩ ወረደች። «እኔ ይሄን ሰው አልሆንም። ሌላ ፈልጉ!»

«ከዚያስ?» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«ከዚያማ ስምንት ዓመት ተዋጉ።»

«ስምንት ዓመት» አሉ። ድንጋዩን ከማጅራቴ ላይ ራሳቸው አወረዱልኝና ወደ ጓድ ሞገስ ዞሩ።

«አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ ታውቃለህ። ልጄ ያለበት የሰሜኑ ጦርነትስ ሽማግሌ ተልኮበታል? ከተላከስ ማነው የመለሰው?»

በልቤ አለቀልን አልሁ። ይህን በመጠየቅ የታሰሩ ሰዎች አውቃለሁ። ጓድ ሞገስ ሁሌ ለሁሉ ነገር መልስ ያለው ሰው ነበር፤ ስለ ዝናብ ብትጠይቀው እንኳ ከአብዮቱ ኮንግረስ ውሳኔ ይጀምርልሃል።

«አላውቅም እትዬ» አለ።

«እንግዲያው ጠይቅልኝ።»

«እሺ» አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ካሳሁንን «ክፍልህ ነቅቷል፤ እንደዚያው ብዬ ሪፖርት አደርጋለሁ» አለው። ካሳሁንን ማንም አልነካውም።

ጓድ ሞገስ ከዚያ በኋላ በእትዬ ብዙነሽ ደጅ አላለፈም። መንገድ ላይ ሲያያቸው ወደ ጎን ይታጠፋል። እሳቸው ግን አልተቀየሙትም፤ «ምስኪን፣ እየጠየቀልኝ ይሆናል» ይሉ ነበር። መልሱ አልመጣም። ፀጋዬም አልመጣም።