እርጥብ ሳር በሱሉልታ ድልድይ

ከሰበታ የተነሳነው ጠዋት ነው። ትእዛዙ አጭር ነበር፦ ሱሉልታ ደርሳችሁ የድልድዩን ኬላ ያዙ። ከተማውን ወደ ክልሉ ለማስፋት በወጣው ማስተር ፕላን ላይ በተነሳው ተቃውሞ የጎጃም መንገድ በድንጋይ ተዘግቷል። ድልድዩ ወሰን ነው፤ ወዲህ ያለው የክልሉ፣ ማዶ ያለው የከተማው። እኛ የክልሉ ፖሊሶች ፊታችንን ወደ ሕዝቡ አድርገን ቆምን። ከኋላችን፣ ከድልድዩ ማዶ፣ የከተማው ኃይል ነበር። አብዛኞቹ ለአካባቢው እንግዳ ናቸው።

ባልደረባዬ ሙሉጌታ አጠገቤ ነበር። «ከፊት ዘመድ፣ ከኋላ አለቃ። የቱን ነው የምንፈራው?» አለኝ።

ቀትር ላይ ከመንደሩ በኩል ተኩስ ሰማን። ማን እንደተኮሰ አላየንም። ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች አንድ ወጣት በቃሬዛ ይዘው ወረዱ። ሆዱን ተመቷል። ሆስፒታሉ ያለው ማዶ ነው።

አዛዣችን ሳጅን ደበላ ሬዲዮ አነሳ። የዞኑ ፖሊስ «ከድልድዩ በኋላ ሥልጣን የለንም፤ ከተማውን ጠይቁ» አለው። ዞሮ «ቁስለኛ አሳልፉልን!» ሲል ወደ ማዶ ጮኸ።

«እስከ ድልድዩ ያለው ሰው የእናንተ ነው!» አለ የማዶው መኮንን። «ከበላይ ሳልታዘዝ አላሳልፍም።»

ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ሽማግሌ ወደ ፊት ወጡ። እርጥብ ሳር ይዘዋል። ደበላ ፊት ተንበረከኩ።

«ኧረ አባቴ፣ ይነሱ! አንቱ ለእኔ?»

«ሳሬን ሳትቀበል አልነሳም። ልጄ እየሞተብኝ ነው።»

ሳር ይዞ የተንበረከከ ሽማግሌን አልፎ መሄድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሳሩንም መሣሪያ በያዘ እጅ አይቀበሉትም። ደበላ ክላሹን ከትከሻው አውርዶ አስፋልቱ ላይ አስተኛው። እኛም እንደዚያው አደረግን። ማንም አላዘዘንም።

ከማዶ ሲያዩት ግን ሌላ ነበር።

«ከዱ! ከሕዝቡ ጋር ሆኑ!» የሚል ጩኸት ከኋላችን ተነሳ። ደበላ የተቀበለውን ሳር እንደያዘ ዞረ።

«አልከዳንም! ቁስለኛ ነው!»

ከማዶ አንድ ጥይት ተተኮሰ። ደበላ ወደቀ።

የማዶው መኮንን «አቁሙ!» እያለ ሮጦ መጣ። ቃሬዛውን አየ። ደበላ እጅ ውስጥ ያለውን አየ።

«ሳሩ ምንድን ነው?»

«ልመና ነው» አለው ሙሉጌታ። «የሰላም ልመና።»

መኮንኑ ሬዲዮውን አልነካም። ፒክአፕ አስጠራ፤ ወጣቱንና ደበላን ጎን ለጎን ጫንናቸው። ኦቦ ጉተማ በመሀላቸው ተቀመጡ። ደበላ መኪናው ሳይነሳ አረፈ። ወጣቱ ደግሞ መኪናው እንጦጦን ከወጣ በኋላ።

ማታ ክልሉ በወሰኑ ውስጥ የሞተውን አንድ ሰው ብቻ አስታወቀ፤ ከተማውም የራሱን አንድ። እኛ ሁለት ቆጠርን።

አሁን ኬላ ላይ የሚመደቡ አዳዲስ ፖሊሶች ስለ ወሰኑ ይጠይቁኛል። እስከ የት የክልሉ፣ ከየት ጀምሮ የከተማው እንደሆነ በጣቴ አሳያቸዋለሁ። ያን ቁስለኛ የማሳለፍ ሥልጣን የማን እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።