በፀሐይ የሚሞቅ ውሃ

ልጅ ከታች ሆኜ ወደ ላይ ጠርቼ አላውቅም። እህቴ ሰናይት በዚህ ስትስቅብኝ ኖራለች፤ ደረጃ መውጣት የሚወድ ሰው ያየችው እኔን ብቻ እንደሆነ ትነግረኛለች። ባለፈው ቅዳሜ ልጠይቃት ከአዲስ ዓለም ወደ አምቦ ሄድኩ። የመጋቢት ፀሐይ አናት ይበሳል። ከገበያ የጉደር ሽንኩርት ተሸክመን ስንመለስ፣ ልጇ ሶስና ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችልን። አራት ዓመቷ ነው። ከወገቧ በላይ ትታየናለች። የአራት ዓመት ልጅ ከበረንዳ ብረት በላይ እስከ ወገቧ መታየት አልነበረባትም።

ሰናይት ልትጠራት አፏን ስትከፍት በእጄ ከደንኩት። ሽንኩርቱን እዚያው ጥዬ ወደ ደረጃው ሮጥኩ። ያ ደረጃ እንደዚያ ረዝሞብኝ አያውቅም፤ እየወጣሁ የማየው ሶስናን ሳይሆን ናኦልን ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት ሳይሞላኝ ነው፤ አሁን አሥር ዓመት አልፎታል። እዚሁ አምቦ ሥራ ይዤ፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ገና ተሠርቶ ባላለቀ ፎቅ ቤት ላይኛው ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ደረጃው መደገፊያ ብረት አልነበረውም። ባለቤቱ ኦቦ ገመቹ ከክረምት በፊት አስገጥማለሁ ይሉን ነበር። እሳቸው ምድር ቤት ስለሚኖሩ ምን ቸገራቸው እያልኩ አማቸው ነበር።

ግድግዳ የምንጋራው ከጫልቱ ጋር ነበር። ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ከእኔ ጋር በአማርኛ፣ ከልጇ ከናኦል ጋር በኦሮምኛ፣ ስትናደድ በሁለቱም ትናገራለች። ናኦል ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። እሷ ሥራ ስትውል የኦቦ ገመቹ ባለቤት ይይዙላታል። ማታ ስትመለስ ገና ከግቢው በር «ናኦሌ» ትላለች፤ እሱ እንደ ቆመ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዘረጋል። እቀፊኝ ማለቱ ነው። አንድ ቀን እንኳ ሳታቅፈው አልፋው አታውቅም።

በዚያ ቤት ውሃ ወደ ላይ አይወጣም። ለዚያውም የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ቢጫ ጀሪካን ነበረን፤ ክፍሎቹ ጠባብ ስለሆኑም በረንዳው ብረት ሥር እንደረድረው ነበር። ይህ ደግሞ ሌላ ጥቅም ነበረው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይውልና ውሃው ለብ ይላል፤ እናቶች ከሰል ሳያቀጣጥሉ ልጆቻቸውን ያጥቡበታል። ጫልቱ «የእግዜር ምድጃ» ትለው ነበር። እኔንም አንድ ሁለቴ ጠርታ ፀጉሬን አጥባኛለች፤ የውሃው ሙቀት አናቴ ላይ ሲፈስ ዛሬም ይሰማኛል።

እሑድ ነበር፣ የጾም ወቅት። ከየክፍሉ የሽሮ ሽታ ይመጣል። ሙቀቱ ስላስቸገረን የበረንዳውን በር ሁላችንም ከፍተነዋል። ከታች «ቢሻን ዱፌ፣ ውሃ መጣ» ሲባል ሙሉዎቹን እዚያው ትተን ባዶ ባዶውን ጀሪካን እያንጠለጠልን ወረድን። ጫልቱ ናኦልን ቤት አስገብታ የደረጃውን በር ከውጭ ቆለፈች፤ መቆለፉን ደግሞ ሳብ አድርጋ አረጋገጠች። እንዲህ የምታደርገው መደገፊያ የሌለውን ደረጃ ስለምትፈራ ነው። ልጅ ያላቸው ሁሉ እንደዚያ ያደርጉ ነበር፤ ከመሀላችን ስህተት ነው ያለ አልነበረም። በረንዳውንማ ማን ፈራው? ብረት ነበረው።

ቧንቧው ጋ ጫልቱ ከፊቴ ነበረች። ኦቦ ገመቹ የሆነ ነገር እያጫወቱን ሳለ ቃላቸውን ሳይጨርሱ ዝም አሉ። ወደሚያዩበት ቀና አልኩ። ናኦል ጀሪካኖቹ ላይ ወጥቷል። ብረቱ ጉልበቱ ጋ ነው። እናቱን ከጭንቅላቶቻችን መሀል እየፈለገ ነበር።

ኦቦ ገመቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማንም እንዳይጠራው» አሉና እጃቸውን ዘርግተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። በዚያው ቅጽበት ጫልቱ ቀና አለች።

«ናኦሌ» አለች።

አልጮኸችም። ማታ ማታ በምትጠራው ድምፅ ነው የጠራችው። አገኛት። ሳቀ። ሁለት እጁን ዘረጋ።

ከዚያ ያለውን አልጽፈውም። ኦቦ ገመቹ አልደረሱም። ቧንቧውን የዘጋው ሰው አልነበረም፤ የጫልቱ ጀሪካን ሞልቶ ውሃው በእግራችን ሥር ሲፈስ ቆየ።

ለቅሶ ቤት «ዕድሜው ይህችው ናት፣ የእግዜር ሥራ ነው» ተባለ። ማጽናኛ መሆኑ ገብቶኛል፤ ግን ያናድደኝ ነበር፤ እግዜርን ጀሪካን ደርዳሪ አደረጉት። ከድንኳኑ ራቅ ያሉት ደግሞ ልጅ ላይ እንዴት ይቆለፋል እያሉ አሟት። እነሱም ሲቆልፉ የኖሩ ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ኦቦ ገመቹ በያጅ አምጥተው ደረጃውን መደገፊያ፣ በረንዳውን እስከ ጣሪያው ሽቦ አስገጠሙ። ከሥራ ስገባ አዲሱን ብረት ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉኝና ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ አምቻቸው አላውቅም።

ጫልቱ ጊንጪ እናቷ ዘንድ ገባች። ከዓመታት በኋላ እዚያው መናኸሪያ አገኘኋት፤ የሽምብራ እሸት የምትፈለፍል ትንሽ ሴት ልጇ አብራት ነበረች። እየተነጋገርን ልጅቷ ወደ መኪኖቹ ፈቀቅ አለች። ሌላ እናት ብትሆን ስሟን ትጠራ ነበር። ጫልቱ ግን ዝም ብላ ሮጣ ከኋላዋ ያዘቻት።

«ስሟን አልጠራም» አለችኝ ስትመለስ። «ሄጄ ነው የምይዛት።» ቀጥላም፣ «እጁን ዘረጋልኝ እኮ። እንዳቅፈው።»

ልጅን በስሙ መጥራት ምን ኃጢአት አለው? እጇን ይዤ መኪናዋ እስኪሞላ አብሬያት ተቀመጥኩ።

ሦስተኛ ፎቅ ደርሼ የሰናይት ባል በሩን ሲከፍትልኝ ሳልሳለመው ገፍቼው አለፍኩ። ሶስና ጀሪካን ላይ ቆማ ወደ ታች እናቷን ታያለች። ከኋላዋ ወገቧን አቀፍኳት። ላብ ላብ ትላለች፣ ፀሐይ ፀሐይ ትሸታለች። ለምን ዝም ብዬ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ፤ ይበልጥ አጥብቄ ያዝኳት። ከዚያ ጀሪካኖቹን ወደ ኩሽና አስገባሁ። ሰናይት ሽንኩርቱን ይዛ እያለከለከች ደርሳ፣ ፀሐይ ላይ ያደረገችው ለልጅቷ ገላ መሆኑን ነገረችኝ። «ምድጃ ላይ አሙቂላት» አልኳት። ፊቴን አይታ አልሳቀችም።

ክፉ ነገር የሚገባው እንዝህላል ቤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጫልቱ ግን ከሁላችንም ጠንቃቃዋ ነበረች። በሩንም የቆለፈችው፣ ውሃውንም ያሞቀችው፣ ስሙንም የጠራችው ስለምትወደው ነው። እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይህ ነው።

ሲመሽ በረንዳው ላይ ሆነን ነፋስ ስንቀበል ከታች አንዲት እናት ልጇን በስሙ ጠራች። ሰናይት ወሬዋን ቀጥላለች። እኔ ግን ብድግ ብዬ፣ ልጁ ከሆነ ቦታ «አቤት» እስኪል ድረስ ብረቱን ይዤ ቆምኩ።