ሳልዘረጋው የጣልኩት ወረቀት

አባቴ በወጣትነቱ ምጽዋ የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበር። ደብረ ብርሃን ከተመለሰ በኋላ ግን ስለ ባሕር ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈው ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። በውስጡ ጣት የምታክል፣ ዓይኖቿ አናቷ ላይ የወጡ ዓሣ በአልኮል ተዘፍቃ ትኖራለች። ልጅ ሳለሁ ቁም ሳጥኑን የምከፍተው ፊቴን አዙሬ ነበር።

አድጌ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ሆንኩ። አምና አባቴ ለጠበል አንኮበር ወርዶ ሁለት ሳምንት ሲሰነብት፣ የጠርሙሱ አልኮል ጎድሎና ጠቁሮ ስላየሁት ይዤው ሥራ ሄድኩ። ደስ ላሰኘው ብዬ ነው።

ስለ ዓሣ የሚያስተምሩት መምህር በማጉያ መነጽር አዩዋት።

"ይቺን የሚያውቃት ጥቂት ሰው ነው" አሉኝ። "ኮራሉ፣ የባሕር ውስጥ ዐለቱ፣ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት ቦታ፣ ጉድጓድ ውስጥ ነው የምትኖረው። ጉድጓዱን የሚቆፍርላት ዓይኑ በደንብ የማያይ ሽሪምፕ የሚባል ባለ ብዙ እግር ትንሽ የባሕር ፍጥረት ነው። እሷ ደጁ ላይ ቆማ ትጠብቃለች፤ እሱ ሲወጣ ከግንባሩ በወጣ ረጅም ጢሙ ጭራዋን እንደነካ ነው። አደጋ ያየች እንደሆነ ጭራዋን ታርገበግባለች፤ ተያይዘው ይገባሉ።"

ጠርሙሱን አጠብኩ። ከሥሩ የታጠፈ፣ እንደ ረጠበ ሶፍት የላሸቀ ወረቀት ወጣ። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣልኩት። አዲስ አልኮል ሞላሁ፤ የዓሣዋን ስም በጥሩ ጽሕፈት ጽፌ ለጠፍኩበት።

አባቴ ሲመለስ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ረጅም ጊዜ አየው።

"ወረቀቱስ?"

"የቱ ወረቀት?"

"ከውስጥ የነበረው።"

"በስብሶ ነበር፣ አባዬ። ጣልኩት።"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ያን ቀን ነው የነገረኝ። ጓደኛ ነበረው፤ በተደራራቢ አልጋ ላይና ታች የሚተኙ። አንድ የዓሣ አጥኚ ያቺን ዓሣ ወንድና ሴት እንዲያመጣለት ጓደኛውን ጠይቆት ኖሯል።

"ጧት አንዷን ያዘ" አለኝ። "ጠርሙሱ ውስጥ ከተታት፤ ታንኳዋ ላይ ቁጭ ብሎ የሆነ ነገር ጽፎ፣ አጥፎ ጨመረላት። ሁለተኛዋን ፍለጋ አብረን ጠለቅን። መሣሪያ አልያዝንም፤ በትንፋሽ ነው። ሰው ካየች ትገባለች፤ እስክትወጣ አሸዋው ላይ በደረት ተኝቶ መጠበቅ ነው። እኔ ደከመኝና ወጣሁ። ውኃው እንደ መስታወት የጠራ ስለነበር ከላይ አየዋለሁ። እየጠበቀ መሰለኝ።"

"ከዚያስ?"

"እየጠበቀ መሰለኝ አልኩሽ እኮ። ለካ ትንፋሹ አልቆ ኖሯል።"

ከዚያ በላይ አላስጨነቅኩትም።

"ወረቀቱ ምን ይል ነበር?" አልኩት።

"አላውቅም። አንድም ቀን አላወጣሁትም። ቦታውና ጥልቀቱ ይሆናል፣ አጥኚው ጻፉልኝ ይል ነበር። ግን እሱ ሲጽፍ ቆየ። ለዚያ ለማይረባ ነገር ያን ያህል አይቆይም።"

በማግስቱ ገና ውርጩ ሳይለቅ ቤተ ሙከራው ደረስኩ። መጣያው ባዶ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ጉድጓድ ወረድኩና አመዱን በእንጨት ገላበጥኩ፤ ጥበቃው ምን ጠፋብሽ ቢለኝም ማገላበጤን ቀጠልኩ።

አባቴ አልተቆጣኝም። ብቻ ምሳ እየበላን፣ ወይም ጫማውን እያሰረ፣ ድንገት ይጠይቀኛል።

"በእርሳስ ነው በእስክሪብቶ?"

"በእርሳስ መሰለኝ፤ ከውጭ ግራጫ ጭረት ይታይ ነበር።"

"ስንት መስመር ነው?"

አላውቅም እያልኩ ወራት አለፉ። ባለፈው ሰሞን ፊቱን አይቼ አንጀቴን በላኝና "ሦስት" አልኩት። ውሸት ነበር። ያርፋል ብዬ ነው።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው።

"ሦስት ከሆነ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ቦታና ጥልቀት ብቻ አይደለም።"

ተነስቶ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ አሁን ዕቃ ሳጥብም፣ ታክሲ ስጠብቅም፣ እነዚያ የፈጠርኳቸው ሦስት መስመሮች ይታዩኛል። ሦስተኛው አጠር ይላል። አንዳንዴ የመጀመሪያዋን ፊደል የማነባት ይመስለኛል።