እግሯ መሬት እንዳይነካ

የዚያን ዕለት ዘነበ እንዳይሉት አይጥልም፣ አባራ እንዳይሉት አይተውም። ካፊያው ከማለዳ ጀምሮ አስፋልቱን ሲልስ አረፈደ። ሰው ሁሉ ትከሻውን ሰብስቦ በየሱቁ ታዛ ሥር ተጠግቷል። እንዲህ ያለው ቀን መንገድ ላይ ለሚወድቅ ሰው አይሆንም። በደረቅ ቀን መንገደኛ ጉዳይ አለው፤ አየት አድርጎ ያልፋል። ታዛ ሥር የቆመ ሰው ግን ሥራ ፈት ነው፣ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል። የዚያን ዕለት ያገኘው እሷን ነበር።

ሥራዋ ጥርስ ማመላለስ ነው። ሐኪሞች ጥርሳቸው ያለቀባቸውን ሰዎች የድድ ልክ ይወስዳሉ፤ እሷ ልኩን ተቀብላ ጥርስ ሠሪው ዘንድ ታደርሳለች። ጥርስ ሠሪው የጣቶቹ ጫፍ በትኩስ ሰም የደነደነ፣ ድምፁ የማይሰማ ሽማግሌ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ ጥርሱን በጥጥ ጠቅልላ፣ በካርቶን ሣጥን አድርጋ ለሐኪሙ ትመልሳለች። ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቷ፣ አብረው ነው የሚኖሩት፣ በዚህ ሥራ ቀልዳ አትጠግብም። «ሰው የሚበላውን ይሸከማል፤ አንቺ የሚበላበትን!» ትላታለች።

ድሮ የምትሄደው በአውቶቡስ ነበር፤ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሰው በክርኑ እንዳይነካባት ጎንበስ ብላ። ጥርስ በዘገየ ቁጥር ሐኪሞቹ ይደውላሉ፣ ጥርስ ሠሪው ይቅርታ ይጠይቃል። አንድ ቀን ጀሶውን እየበጠበጠ፣ ቀና ሳይል፣

«ሞተር ብገዛልሽስ? መንጃ ፈቃድ አለሽ አይደል?» አላት።

«አለኝ ጋሼ» አለች።

ፈቃድስ አላት። ግን የመኪና ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ የዕቃ መጫኛቸውን የምትነዳው እሷ ነበረች። የሞተሩንማ ሞክራ ነበር። ሰው ሳይሰማ፣ ለእህቷ እንኳ ሳትነግር፣ መፈተኛው ሜዳ ሄዳ ከጎረምሶች ኋላ ተሰለፈች። ሕጉ አጭር ነው፦ በመስመሩ ውስጥ ስምንት ቁጥር ሠርቶ መውጣት፣ እግር መሬት ካልነካ ማለፍ፣ ከነካ መውደቅ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ሞተሩ ሲንገዳገድባት ደንግጣ እግሯን ሰደደች። ፈታኙ ፊሽካውን ሲነፋ ይበልጥ ደነገጠችና ከነሞተሩ ተዘረረች። ጎረምሶቹ አልሳቁም ነበር። ፈታኙ ግን፣ «እማማ፣ መንገድዎ ጠፍቶብዎት ነው? አውቶቡስ ማቆሚያው በዚያ ነው» ሲል ሜዳው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ያኔ ገና አርባዋን መያዟ ነው። ቀሚሷ ላይ የነበረውን አቧራ ሳታራግፍ ወጣች። ዳግመኛ በዚያ ሰፈር አላለፈችም።

ስለዚህ ጥርስ ሠሪው ያቺን ባለ ሦስት ጎማ ሲያመጣት ልቧ በደስታ ቀለጠ። ባለ ሦስት ጎማ ሲባል ሰው ባጃጅ ይመስለዋል፤ አይደለችም። ከኋላ አንድ፣ ከፊት ሁለት ጎማ ያላት ሞተር ናት። መታጠፊያ ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከነጂው ጋር አብረው ጎንበስ ይላሉ፣ ሲቃኑም አብረው ይቃናሉ። ጥግ ለመቆም ሲፈለግ መሪው ላይ ያለችው ቁልፍ ትጫናለች፤ ማጋደሏ ቀጥ ይልና እንደ ወንበር ትቆማለች። ነጂው እግሩን ማውረድ የለበትም። የሰፈሩ ሰው «ዘንበሌ» አላት።

ሻጩ ዘንበሌን ያስረከበው፣ «ይቺ እንደ መኪና ናት። የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ይነዳታል» ብሎ ነው። ጥርስ ሠሪው አመነ። እሷም አመነች።

እና አማረባት። ማማሩንማ ማን ይክዳል? ቀይ መብራት ላይ ሌሎቹ ሞተረኞች አንድ እግራቸውን ጭቃ ውስጥ ተክለው ሲወዛወዙ፣ እሷ ሁለት እግሯን ሰብስባ፣ ጀርባዋን አቅንታ፣ ሣሎን ቤት የተቀመጠች ትመስላለች። አንዳንዱ፣ «እትዬ፣ ሳትወድቂ እንዴት ትቆሚያለሽ?» ይላታል። «የሚወድቅ ሰው ነው የሚወድቀው» ትልና ትፈተለካለች። በሕይወቷ እንዲህ ያለ መልስ ሰጥታ አታውቅም። መውረጃዋ እስኪደርስ እያሰበችው ፈገግ ትላለች።

ደስታዋን ያደፈረሰው ነዳጅ ማደያ ያገኘችው አንድ ዕቃ አድራሽ ነው። እሱም ዘንበሌን የመሰለች ሞተር ይነዳል። የእሷን ዙሪያዋን ዞሮ አያትና፣

«ይቺ ጠባቧ ናት ልበል?» አለ።

«ጠባቧ ማለት?»

«ሁለት ዓይነት ናቸው እኮ። የፊት ጎማዎቹ ከልኩ በላይ ከተራራቁ እንደ መኪና ትቆጠራለች። ከተቀራረቡ ግን ሞተር ናት፤ የሞተር መንጃ ፈቃድ ነው የምትጠይቀው። ለካት እንጂ... ማለቴ ለኪያት።»

በምሳ ሰዓት ዘንበሌን እህቷ ሱቅ በር ላይ አቁማ ሜትር ተዋሰች። እህቷ ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ መጣችና አንዱን ጫፍ ያዘችላት። ዕቃ አድራሹ እንደነገራት ከአንዱ ጎማ መሐል እስከ ሌላው መሐል ለኩ።

«እሱ ካለሽ ልክ ሁለት ጣት ይጎድላል» አለች እህቷ።

«ሜትርሽ ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ሜትሬ! በዚህ ሜትር ስንት ሙሽራ ለብሷል! አንዷም ጠበበኝ ብላ አልተመለሰችም።»

«እንደገና ለኪው እስቲ።»

እንደገና ለኩት። ሁለት ጣት ይጎድላል። እህቷ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ አየቻት።

«በይ ዛሬውኑ ንገሪው። ደግ ሰው ነው፣ አይቆጣሽም።»

«እነግረዋለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

«የአንቺ ነገ መቼም አይነጋ!»

አልነገረችውም። ብትነግረው፣ «ታዲያ ምን ችግር አለ ልጄ፣ ሄደሽ ተፈተኚ» እንደሚላት ታውቃለች። መፈተን ማለት ያ ሜዳ ነው፣ ያ ፊሽካ ነው። ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ ጋሼን አመመው እያለች ክረምቱ ወጣ፣ በጋው ገባ። በመጨረሻ አለመንገሯም ራሱ ሌላ የሚያሳፍር ነገር ሆነባት። አሁን ብትነግረው፣ «እስከ ዛሬ ምን ትሠሪ ነበር?» ይላታል። ትራፊክ ባየች ቁጥር አንገቷን አቅንታ ታልፋለች።

እንግዲህ ያ የካፊያ ቀን እንዲህ ሆነ። ሣጥኗ ውስጥ የሦስት ሰው ጥርስ አለ። አንዱ የአንድ ጡረተኛ መምህር ነው፤ ላይና ታች፣ ሙሉ። ልጃቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ከሩቅ አገር በማግስቱ ይመጣል። መምህሩ ሐኪሙ ዘንድ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጠው ይጠብቃሉ፤ ለሰው ሲናገሩ አፋቸውን በመሐረብ ነው የሚሸፍኑት።

መስቀለኛው ላይ ስትደርስ መብራቱ ቀላ። ታዛ ሥር ያለውን ሰው አየችው፤ እሱም አያት። እንደ ልማዷ ጀርባዋን አቀናች፣ እግሮቿን ሰበሰበች፣ ቁልፏን ተጫነች። ነገር ግን የረጠበው ጓንቷ ነዳጅ መስጫው ላይ ተጣብቆ ኖሯል። ነዳጅ እየተሰጣት ያ ቁልፍ አይሠራም፤ ጢጥ ብሎ እንቢ ይላል። ጢጥታውን ካፊያውና ጥሩምባው ዋጠው። ዘንበሌ ቆመች፣ ከዚያ ማጋደል ጀመረች። እግሯን ብትሰድ ኖሮ ባበቃ ነበር። አልሰደደችም። ያ ፊሽካ እስከዚያች ቀን ድረስ እግሯን አስሮ ይዞታል።

ቀስ ብላ ነው የወደቀችው። የባሰውም እሱ ነው። ድንገት የሚወድቅ ሰው ለማፈር ጊዜ የለውም፤ እሷ መሬት እስክትደርስ ድረስ ስታፍር ወረደች።

ሣጥኑ ተከፈተ። ጥርሶቹ ከነድዳቸው አስፋልቱ ላይ ተበተኑ።

«ኧረ ጥርሷ! ጥርሷ ረገፈ!» አለች አንዲት ሴት ጭንቅላቷን ይዛ።

«የላይኛው ይኸው እዚህ ጋ! ሌላም አለ!»

«ይሄ ሁሉ የእሷ ነው? ስንት አፍ ነበራት?»

«የዘመዶቿንም ጨምራ ይሆናላ!»

ታዛው በሳቅ ተናወጠ። እሷ መሐል መንገድ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ገጥማ ቀረች። አንዲት ደግ ሴት ሮጣ መጣችና አገጯን ይዛ፣ «እስቲ አፍሽን ክፈቺ የኔ እህት፣ ደም አለው?» አለቻት። ምን ታድርግ? ያ ሁሉ ሰው እያየ አፏን ከፈተች። «ኧረ አላት! ሙሉ ነው!» ብላ ሴትዮዋ ለታዛው ስታበሥር አንድ ሚኒባስ የመምህሩን የላይኛውን ጥርስ ረገጠው። ቀጭ ሲል ሰማችው።

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፤ ልጅ እግር ነው፣ ጨዋም ነው።

«እናቴ፣ ተጎዱ እንዴ?»

«ደህና ነኝ ልጄ።»

«እንኳን ተረፉ። መንጃ ፈቃድዎን ያሳዩኝ።» አገላብጦ አየው። «ይሄ የመኪና ነው።»

«ባለ ሦስት ጎማ እኮ ናት። በመኪና ፈቃድ ትነዳለች።»

«ልትሆንም ትችላለች። እንለካታለን።»

ከራሱ ሞተር ሣጥን ሜትር አውጥቶ በርከክ አለ። ከታዛው አንዱ ሮጦ ጫፉን ያዘለት። «ስንት ሆነ?» ብሎ ሰው ጮኸ፣ የኳስ ውጤት እንደሚጠየቅ። «ሁለት ጣት ጎደላት!» ብሎ ያ ጫፍ ያዢ መለሰ። እንደገና ተሳቀ።

«አያውቁም ነበር?» አላት ትራፊኩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አላውቅም» አለች።

ሰዎች ሣጥኑ ላይ በተጻፈው ስልክ ደውለውለት ጥርስ ሠሪው በዚህ መሐል ደርሷል። ሸሚዙ በጀሶ እንደነጣ፣ ጃንጥላ እንኳ ሳይዝ ነበር የመጣው። ትራፊኩ የነገረውን በጸጥታ ሰማና፣

«ጥፋቱ የኔ ነው ጌታዬ። ሻጩን አምኜ የገዛሁት እኔ ነኝ። እሷ በምን ታውቃለች?» አለ። ከዚያ ሽማግሌው አስፋልቱ ላይ ተንበርክኮ፣ አንድ በአንድ፣ ጥርስ መልቀም ጀመረ።

እሷም ከጎኑ ለቀመች። ያኔ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም።

ዘንበሌ ተጭና ተወሰደች፤ እነሱ በእግራቸው ወደ ሐኪሙ ሄዱ። መምህሩ ሲያዩዋቸው ከወንበራቸው ተነሡ፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት በራ። ጥርስ ሠሪው የተሰበረውን በጥጡ ላይ እንዳለ አሳያቸው። በሳምንቱ ሌላ እንደሚሠራላቸው ነገራቸውና፣

«ጥፋቱ የኔ ነው መምህር። ይቺን ምስኪን በያዘችው ፈቃድ በማይነዳ ሞተር ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አለ ደግሞ።

መምህሩ መሐረቡን ወደ አፋቸው መለሱ። «ምንም አይደል፣ ምንም አይደል» አሉ፣ ድምፃቸው በጨርቁ ታፍኖ። «ልጄን ደውዬ ጉዞህን አስተላልፈው እለዋለሁ። በዚህ አፌ አያየኝም።»

ያን ስትሰማ አላስቻላትም።

«አውቅ ነበር» አለች።

ሁለቱም ዞሩ።

«ሞተሯ ልኳ እንደማይሞላ አውቅ ነበር ጋሼ። በእህቴ ሜትር ለክቻታለሁ። ከአምና ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ከአምና?» አለ ጥርስ ሠሪው። «ታዲያ ቅድም... እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስናገርልሽ?»

«አፈርኩ።»

«ከማን? ከኔ?»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጥጡን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ «በይ እንሂድ፣ ሥራ አለ» ብሎ ወጣ። በመንገድ ላይ እንደ ወትሮው ከጎኑ እንድትሄድ አልጠበቃትም፤ ከፊት ከፊቷ ሄደ።

ማታ እህቷ እግሯን በሙቅ ውሃ እያሸችላት፣ «በቃ፣ አለቀ፣ ረሱት» አለቻት።

«ትራፊኩ ይረሳል። ታዛው ይረሳል።»

«ሰውየውስ?»

«እሱ ለኔ ዋሸልኝ እኮ እትዬ፤ ሳያውቅ።»

እህቷ ያን ቀን ቀልድ አላገኘችም።

የመምህሩ ልጅ ጉዞውን አስተላልፎ፣ አዲሱ ጥርስ ከገባ በኋላ መጣ አሉ። እሷ አላየችውም። መፈተኛው ሜዳ የሄደችው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ማንም ሂጂ ሳይላት። ፈታኙ ያው ሰው ነበር። አላስታወሳትም። ያን ሁሉ ዓመት የሸሸችው ሰው ስሟን ጠይቆ ጻፈ፣ ፊሽካውን አፉ ላይ አደረገ፣ አበቃ። በተከራየችው ባለ ሁለት ጎማ ስምንት ቁጥሯን ሠርታ ወጣች፤ እግሯን ያወረደችው መቆሚያው መስመር ላይ ብቻ ነው፣ እዚያ ማውረድ ይፈቀዳል። አለፈች። ደስ አላላትም።

ፈቃዱን ይዛ ስትመለስ ዘንበሌን ሌላ ሰው ይነዳታል፤ ጥርስ ሠሪው አንድ ባለ ሙሉ ፈቃድ ጎልማሳ ቀጥሯል። አላባረራትም። አንቺም ሥራሽን ያዢ ብሎ ከኋላ ክፍል አስቀመጣት። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም። መልካም ነገር ሲናገርላት ግን ከዚያ ወዲህ ሰምታ አታውቅም።

አሁን እዚያው ጥርስ ቤት ከኋላ ክፍል ትሠራለች፤ ጀሶ ትበጠብጣለች፣ ልኮችን ታጥባለች። የሞተር መንጃ ፈቃዷ በቦርሳዋ ውስጥ ነው። የሚጠይቃት የለም። ጠዋትና ማታ በአውቶቡስ ትመላለሳለች።