ስምንት ቁጥር ውስጥ የቀጠርኩት ጠበቃ

ስምንት ቁጥር የገባሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፖሊሱ ቀበቶዬንና የጫማዬን ማሰሪያ ተቀብሎ በሩን ሲከፍተው መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነበር፤ የእርጥብ ብርድ ልብስ፣ የብርቱካን ልጣጭና የብዙ ሰው እግር ሽታ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳው ታየኝ። እስከ ወገብ አረንጓዴ ቀለም፣ ከዚያ በላይ ባዶ ኖራ። "ይሄ ክፍል ድምፅ ያስተጋባል" ብዬ አሰብኩ። ሰው ሲታሰር ስለ እናቱ፣ ስለ ልጆቹ ያስባል ይባላል። እኔ ያሰብኩት ስለ ግድግዳው ነው፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ።

ወሎ ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ፣ ትንሽ የማስታወቂያ ስቱዲዮ ነበረችኝ። ግድግዳዋ በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ፣ በሯ በወፍራም ብርድ ልብስ የተጋረደ። ዘመኑ የግንባታ ዘመን ነበር። በየሳምንቱ አዲስ ሆቴል ወይም አዲስ ባንክ ይመረቃል፤ ሁሉም በኤፍ ኤም ሬዲዮ ስሙ እንዲጠራለት ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ስንቀዳ እንውላለን። ቦሌ ሊያርፍ የሚወርድ አውሮፕላን ከላያችን ሲያልፍ እጄን አነሣለሁ፤ አንባቢዋ የቀረውን ቃል አፏ ውስጥ ይዛ ትጠብቃለች፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት እንቀጥላለን። አቤት ደስ ስንል! ውል የሚባል ነገር አናውቅም። ደንበኛ ይደውላል፣ ጽሑፉን ይልካል፣ እንቀዳለን፣ አለቀ። አንድ ወዳጄ "የማስታወቂያና የኪነ ጥበብ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያዝ እንጂ" ቢለኝ "ለሳሙና ማስታወቂያ ጠበቃ? ሳሙናው ሊከሰኝ ነው?" ብዬ ሳቅኩበት።

በምርጫው ሰሞን አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ የሬዲዮ ቅስቀሳ አሠራን። ለእኛ ከሳሙናው የተለየ ሥራ አልነበረም፤ ሠላሳ ሰከንድ ነው። ከምርጫው በኋላ ከተማው ሲታመስ ግን ያ ሠላሳ ሰከንድ ወንጀል ሆነ። ስቱዲዮዬ ታሸገ፤ እኔም ስምንት ቁጥር ተገኘሁ።

ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ አለቃችን ብለው የመረጡት ሰው፣ መለሎ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከላይ እስከ ታች አየኝና ሥራዬን ጠየቀኝ።

"ማስታወቂያ" አልኩት።

"ጎሽ! አንድ የማስታወቂያ ጠበቃ አለን። እሳቸው አጠገብ ትተኛለህ። ሁለታችሁም እዚህ ለምንም አትጠቅሙን" አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

ጠበቃው ስድሳ ዓመት የተጠጋቸው፣ እስር ቤት ውስጥ እንኳ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። የታሰረ የጋዜጣ አዘጋጅ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ሄደው ነው እዚያው የቀሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘፋኞችን፣ የተዋንያንንና የማስታወቂያ ድርጅቶችን ውል ሲያዘጋጁና ሲሟገቱ የኖሩ ናቸው። እስረኛው ስለ ዋስትና፣ ስለ ቀጠሮ ሲጠይቃቸው "የእኔ ዘርፍ አይደለም፤ አሳስትሃለሁ" ይላሉ። ይኼ ሐቀኝነታቸው መሳቂያ አድርጓቸው ነበር። እኔም ስቄባቸዋለሁ።

መርማሪው በዕድሜ ከእኔ ያንሳል። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅስቀሳውን ያነበበችው ሴት ማን ናት? ድምፁ ከተማውን ያነሣሣው እሷ ራሷ የፓርቲው ሰው ሆና ነው ብሎ ያምናል። እሷ ግን እንኳን የፓርቲ፣ የዕድር አባል አልነበረችም። ሰሚት በተከራየቻት ቤት የሦስት ዓመት ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ጠዋት የወተት፣ ከሰዓት የቆርቆሮ ማስታወቂያ አንብባ የምትኖር ሴት ናት።

በሁለተኛው ቀን ስሟን ነገርኩት። ከዚያ በፊት የሆነውን እዚህ አላነሣውም፤ ሰበብ እንዳይመስልብኝ። የነገርኩት የመጀመሪያ ስሟን ብቻ ነው፤ እሱም በከተማችን እንደ አሸዋ የበዛ ስም ነው። የአባቷን ስምና ቤቷን አላውቅም አልኩ። አውቅ ነበር። "ሌሊቱን አስበህ ነገ ጠዋት ትነግረኛለህ፤ ቃልህንም ትፈርማለህ። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ቤትህ ነህ" አለኝ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ ያቺ ትንሿ ልጇ ናት ዓይኔ ላይ የመጣችው። አንዳንድ ቀን እናቷ ይዛት ትመጣና ስቱዲዮው ጥግ ላይ ካርቶን ስትቀድ ትውላለች። በራሴ አፈርኩ። ሌላ ማን ጋ እሄዳለሁ፣ ጠበቃው አጠገብ ተቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነበር።"

"ቀጥረኸኛል?"

"እንዴት ማለትዎ ነው?"

"ያልቀጠረኝን ሰው አላማክርም። ከቀጠርከኝ የነገርከኝ ሁሉ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ካልቀጠርከኝ ግን የክፍል ወሬ ነው።"

"ምን አለኝና እቀጥርዎታለሁ?"

"ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ማስታወቂያ ሳርም ኖርኩ" አሉኝ። "እኛ ጠበቆች ግን ራሳችንን እንዳሻን ማስተዋወቅ አይፈቀድልንም። ታፔላችን እንኳ በልክ ነው። አንድ የእኔ ማስታወቂያ ሥራልኝ።"

"አይፈቀድም አላሉም?"

"እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ያልተፈቀደ ነገር ሠርቷል ተብሎ አይደል የገባው?"

ከልባቸው ነበር። ውል ያለ ምስክር አይሆንም ብለው ካቦውንና አንድ የሒሳብ መምህር እስረኛ ጠሩ፤ በፊታቸው ተጨባበጥን። እኔም ተነሥቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እንዳሰብኩት ክፍሉ ድምፅ ያስተጋባል።

"ዘፈንዎን ወሰዱብዎት? ስምዎን ከፖስተሩ ላይ ፋቁት? አይጨነቁ! ስምንት ቁጥር፣ ከበሩ በስተግራ፣ ሁለተኛው ፍራሽ ብለው ይምጡ። ጠበቃችን ጠዋትም ማታም..." እዚህ ላይ አውሮፕላን አለፈ። እጄ በልማድ ተነሣ። ሃያ ስንት ሰው ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ፤ ካቦው እንኳ። ድምፁ ሲርቅ እጄን አወረድኩ። "...ጠዋትም ማታም ቢሮ አሉ! የትም አይሄዱም!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ፖሊሱ በሩን በዱላ ሲደበድብ ነው ጸጥ ያልነው። ጠበቃው በመሐረባቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ "እስቲ ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት።

ከዚያ ወደ ሥራቸው ገቡ። ፊታቸው ተለወጠ፤ ከአፍታ በፊት ስንስቅ የነበርን ሰዎች አንመስልም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስሟን መናገሬን ሳይቀር። አልወቀሱኝም።

"ፈርመሃል?"

"ነገ ነው።"

"እንግዲያው ገና ቃል አይደለም፤ ረቂቅ ነው። ረቂቅ ደግሞ ይታረማል።" በጣታቸው ብርድ ልብሳቸው ላይ እየጻፉ አሳዩኝ። "ከላይ እስከ ታች ታነባለህ። የማትስማማበትን በአንድ መስመር ትሰርዘዋለህ፤ ጨርሰህ አታጥፋው፤ ምን እንደሰረዝክ ይታይ። በጎኑ ትፈርማለህ። ፊርማ የሌለው ስርዝ ድልዝ ዋጋ የለውም። ባዶ ቦታ ካየህ መስመር አስምርበት። ከሰነድ ሁሉ የምፈራው ባዶ ቦታን ነው። እኔ ስንት ዘፋኝ በባዶ ቦታ ተበልቶ አይቻለሁ መሰለህ!"

ቀጥለው "ከእሷ ጋር የተዋዋላችሁት ወረቀት ስቱዲዮህ ውስጥ አለ?" አሉኝ።

"ውል የለንም።"

"አንድም?"

"አንድም።"

"ሠላሳ ዓመት ያለ ውል አትሥሩ ብዬ ስለፈልፍ ኖሬ፣ ያለ ውል መሥራት ሰው ሲጠቅም ዛሬ አየሁ" አሉ። በጣም ከፍቷቸው ነበር።

"ብሰርዘው ምን ያደርጉኛል?"

"እሱን አላውቅም ልጄ። የእኔ ዘርፍ ወረቀት ነው።"

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ሦስት ገጽ ወረቀት አቀረበልኝ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ "ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል ስለሆነ ፈርሜያለሁ" ይላል። ማንም አላነበበልኝም። የአባቷን ስም ደግሞ ጠየቀኝ፤ አላውቅም አልኩ። ማንበብ ጀመርኩ።

"ምን ታነባለህ? የራስህ ቃል አይደል?"

"ልማድ ሆኖብኝ ነው" አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ከዚያ በፊት አንብቤ የፈረምኩት አንድ ወረቀት የለም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አገኘኋት። "ድምፁ የፓርቲው አባል የሆነችው የ..." ይልና ስሟ ተጽፏል። ከስሟ ቀጥሎ የአንድ መስመር ተኩል ክፍት ቦታ ተትቷል፤ የአባት ስም፣ ወረዳና የቤት ቁጥር የሚበቃው። እኔ ዛሬ ብፈርም ነገ ማንም ይሞላዋል። ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝኩት። በጎኑ ፈረምኩ። ክፍቱ ቦታ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰመርኩ። መስመሩ ጠማማ ነው የሆነው፤ ባዶ ቦታ ግን አልቀረም።

መርማሪው ወረቀቱን ቀና አድርጎ ብዙ ጊዜ አየው። አልጮኸም።

"እንግዲህ እዚሁ ትሰነብታለሃ።"

"እሺ" አልኩ።

ጠበቃው በር ሥር ቆመው ጠበቁኝ። "በጎኑ ፈረምክ?" አሉኝ። ፈረምኩ አልኳቸው። "ባዶውስ?" አሰመርኩበት። ከቤታቸው የመጣላቸውን ብርቱካን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የጣፈጠ ብርቱካን በልቼ አላውቅም።

ሁለት ወር ከሁለት ሳምንት ሰነበትኩ። ከሰዓት በኋላ ጠበቃው ስለ ውል ያስተምሩን ነበር፤ ለጊዜ ማሳለፊያ ብለው የጀመሩት ነው፤ በኋላ ግን ክፍሉ በሙሉ ተማሪ ሆነ። ካቦው ሾፌር ስለ ዘፈን የቅጂ መብት ከመምህሩ ጋር ሲከራከር ጉሮሮው ይደርቅ ነበር። እኔ በየቀኑ አዲስ ማስታወቂያ አወጣለሁ፤ ለፍራሹ፣ ለቀጭኑ ሻይ፣ ለካቦው ፂም። እውነቱን ልናገርና ያ ክፍል አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ይህን ስላት ባለቤቴ ትቆጣለች። እስሩ አይደለም የናፈቀኝ፤ እነዚያ ከሰዓቶች ናቸው፤ እንደዚያ አብሬያቸው የሳቅኩ ሰዎች በኋላ አላገኘሁም። ጠበቃው ከእኔ በኋላ አንድ ወር ቆይተው ተፈቱና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ዛሬ አርጅተዋል፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ "ደንበኛዬ!" ብለው ነው የሚጠሩኝ።

እሷን ማንም አልጠራትም። ስቱዲዮው ሲከፈት ተመልሳ መጣች፤ እስካሁንም አብረን እንሠራለን። ያንን ጊዜ ግን አንሥተነው አናውቅም ነበር። በቀደም፣ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው ብላ ሰሚት አንድ ካፌ ማኪያቶ ጋበዘችኝና ራሷ ጀመረችው።

"አንተ የተያዝክ ዕለት የልጄን ልብስ በሻንጣ ከተትኩ" አለችኝ። "እኔን ሲወስዱኝ ሳሊተ ምሕረት ያለችው እህቴ ጋ እንዲያደርሷት። በሩ ሥር አስቀመጥኩት። በር በተንኳኳ ቁጥር ዓይኔ ሻንጣው ላይ ነበር።"

"ስፈታ ልብሱን አወጣሽዋ!"

"አይ፣ አላመንኩም። ስሜን መናገርህ አይቀርም ብዬ ነበር። አልቀየምህም ነበር፤ ሰው ነህ። ከስንት ጊዜ በኋላ ደፍሬ ስከፍተው አንዱም ልብስ አልበቃት አለ። አድጋለች ለካ።"

ማኪያቶዬን አማሰልኩ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"ተናግሬ ነበር" አልኳት። "የመጀመሪያ ስምሽን ተናግሬያለሁ። ሳልፈርም በፊት ግን ሰረዝኩት።"

ስንት ዓመት የፈራሁት ይህንን መናገር ነው።

"እንኳን ሰረዝከው" አለችና እጇን እጄ ላይ አኖረች። የተፈታሁት ያን ዕለት መሰለኝ።